ክዳኑን ያንብቡ፦ የድሮ የገና ኳስ ዕድሜ እንዴት ይታወቃል?

አሜሪካ ውስጥ ያርድ ሴል ላይ ሁለት የብርጭቆ የገና ኳሶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ቢያገኙ፣ እጅዎ ቀድሞ የሚዘረጋው ወደሚያብረቀርቀው ነው። ሁለተኛው ደብዘዝ ያለ ነው። ወዲያ ማዶው ይታያል፤ ዙሪያውን ሦስት አራት ቀጫጭን የቀለም መስመሮች ተሰምረውበታል፤ አናቱ ላይ ያለው ክዳን ደግሞ ከካርቶን የተቆረጠ ነው። ሥራው ያላለቀ ዕቃ ይመስላል። የድሮ ጌጥ የሚለቅሙ ሰዎች ግን የሚሻሙት ይኸኛውን ነው።

ምክንያቱ ኳሱ ከሚሠራበት መንገድ ጋር የተያያዘ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ እንጀምር። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የብርጭቆ ኳስ የሚያንጸባርቀው ከውጭ ስለተቀባ አይደለም። መስታወቱ ያለው ከውስጥ ነው። ሠራተኛው በኳሱ አንገት በኩል ጥቂት የሲልቨር ናይትሬት ፈሳሽ ያስገባል፤ ብሩን ከፈሳሹ የሚያላቅቅ ሌላ ውሁድም ይጨምርበታል፤ ለዚህ ሥራ የስኳር ዓይነት ውሁድ ይበቃል። ከዚያ ኳሱን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ እያወዛወዘ ያዞረዋል። ሟሙቶ የነበረው ብር ከፈሳሹ ወጥቶ በብርጭቆው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ስስ ሆኖ ይለጠፋል፤ ከጥቂት ጊዜ በፊት ውሃ የያዘ ጠርሙስ ይመስል የነበረው ነገር ዓይን እያየ መስታወት ይሆናል። የተረፈው ፈሳሽ ተደፍቶ ኳሱ ሲደርቅ ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ላከር ውስጥ ይነከራል። መስመሩና አበባው በመጨረሻ በብሩሽ ይሳላል። እንግዲህ ብሩ ከውስጥ፣ ቀለሙ ከውጭ ነው። እንደ ሸክላ ቀለም በእሳት ተጠብሶ የተያዘ ነገር የለም፤ ይህን ያስታውሱት፤ ስለ እጥበት ስናወራ ያስፈልገናል።

ጥበቡ ያደገው በጀርመን፣ ቱሪንጊያ ተራሮች መካከል ባለችው በላውሻ ከተማ ነው። ላውሻ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ብርጭቆ ትሠራ ነበር። የገና ኳስ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ሲሆን፣ በ1867 ከተማዋ ውስጥ የጋዝ ማምረቻ ሲከፈት ነፊዎቹ የማይዋዥቅ ነበልባል አገኙ፤ ያኔ ትልልቅና ስስ ኳሶችን መንፋት ቀለለ። ሥራው የቤት ሥራ ነበር። አባት ይነፋል፣ እናት ብሩን ታስገባለች፣ ልጆች ቀለም ይቀባሉ፣ ክዳን ይገጥማሉ። ከ1880 ጀምሮ ደግሞ ዎልዎርዝ የተባለው የአምስትና የአሥር ሳንቲም ሱቆች ባለቤት እነዚህን ጌጦች እያስመጣ ለተራው አሜሪካዊ መሸጥ ጀመረ።

የአሜሪካኑ ኳስ ታሪክ ግን የሚጀምረው ከአምፖል ነው። ኮርኒንግ የተባለው የብርጭቆ ኩባንያ በ1920ዎቹ አምፖል በገፍ የሚነፋ ማሽን ሠራ። የቀለጠው ብርጭቆ በሁለት ሮለሮች መካከል ተዳምጦ ረጅም ጥብጣብ ይሆንና ቀዳዳ ባላቸው የብረት ሳህኖች ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል። በየቀዳዳው ለስለስ ብሎ ወደ ታች ሲንጠለጠል ከላይ አየር ይነፋበታል፤ ከታች ደግሞ ቅርጽ ማውጫው መጥቶ ይገጥመዋል። ማሽኑ አይቆምም። የጀርመን ጌጥ ሲያስመጣ የኖረው ነጋዴ ማክስ ኤካርት ጦርነት ሊመጣ እንደሚችል ጠርጥሮ ነበርና ከዎልዎርዝ ኩባንያ ጋር ሆኖ ኮርኒንግን ለማግባባት ተነሣ፤ አምፖል የሚነፋ ማሽን ኳስ መንፋት አያቅተውም ነው ነገሩ። በ1939 ፔንስልቬንያ ውስጥ ዌልስቦሮ ያለው የኮርኒንግ ፋብሪካ ኳስ ማውጣት ጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት የዕለት ምርቱ ወደ 300,000 ደረሰ። እጀ ብልህ የሚባል የጀርመን ነፊ በቀን የሚያወጣው 600 ያህል ነበር። ባዶው ኳስ ኒው ጀርዚ ወደሚገኙት የኤካርት ፋብሪካዎች ይሄድና ብሩ ገብቶበት፣ ቀለም ተቀብቶ፣ «ሻይኒ ብራይት» ተብሎ ይሸጣል። ዛሬ የድሮ ዕቃ ሽያጭ ላይ በብዛት የሚያገኙት ይህን ስም ነው።

አሁን ወደዚያ ደብዛዛ ኳስ እንመለስ። አሜሪካ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ ብሩም ብረቱም ለሌላ ተፈለገ። መጀመሪያ የጠፋው ከውስጥ ያለው ብር ነው፤ ኳሱ እንደ ጠራ ቀረ። አንዳንዱ ውስጥ ባዶነቱን ለመሸፈን ቆንጠር ተደርጎ የሚያብረቀርቅ ክር ይጨመርበት ነበር። ቀጥሎ ለክዳን የሚሆን ብረት ጠፋና ክዳኑ ካርቶን ሆነ፤ የሽቦውን ማንጠልጠያ ክር ተካው። የሳጥኑ ሽፋን ላይ እንኳ ሳንታ ክላውስ ከአንክል ሳም ጋር ሲጨባበጥ ይታያል። ይህ ባለካርቶን ክዳን ኳስ የተሠራው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው፤ ካርቶኑም ቶሎ ስለሚቀደድና እርጥበት ስለሚበላው ከነክዳኑ የቆየው ጥቂት ነው። ተፈላጊነቱም ከዚህ ይመጣል እንጂ ከውበት አይደለም። በእኔ ዓይን ግን ውበትም አለው፤ ብርሃን ከኋላው ሲመጣ የሚያብረቀርቀው ኳስ የማያሳልፈውን እሱ ያሳልፈዋል።

ጦርነቱ ሲያበቃ ብሩም ብረቱም ተመለሱ። የብረቱ ክዳን ላይ «ሻይኒ ብራይት» እና «ሜድ ኢን ዩ ኤስ ኦፍ አሜሪካ» የሚል ጽሑፍ ታትሞ ካገኙ ኳሱ ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ነው፤ የ1950ዎቹ ዕቃ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህኛው ብዙ ስለሆነ ብርቅ ነው ብሎ ዋጋ ለሚቆልል ሻጭ አይደንግጡ። ስሙን ብቻ አይተውም አይግዙ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ክሪስቶፈር ራድኮ የተባለ ጌጥ አምራች «ሻይኒ ብራይት» በሚለው ስም የድሮውን መልክ እያስመሰለ አዲስ ኳስ አውጥቷል። ማታለል አልነበረም፤ የራድኮ ስም ሳጥኑ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ችግሩ ሳጥኑ ሲጣልና ኳሱ ብቻውን ሲሸጥ ነው።

ክዳን የሀገር ስምም ይናገራል። በ1890 የወጣው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የመጣበት ሀገር ስም እንዲጻፍበት አዘዘ። ለለቃሚ ይህ ትልቅ ውለታ ነው፤ የአገሮች ስም ከፖለቲካው ጋር ይቀያየራልና። «ዩ ኤስ ዞን ጀርመኒ» የሚል ካለ ዕቃው የተሠራው ጀርመን በአሸናፊዎቹ ተከፋፍላ በነበረችባቸው ከ1945 እስከ 1949 ባሉት ዓመታት አካባቢ ነው። «ዌስት ጀርመኒ» ከ1949 እስከ 1990 ያለውን ዘመን ይሸፍናል። «ኦኩፓይድ ጃፓን» የሚለው ደግሞ ከ1947 እስከ 1952 ገደማ ነው፤ ይህን በትንንሽ ምስሎች ሥር ያገኙታል። ላውሻ ራሷ የቀረችው በምሥራቁ በኩል ነው። ከነፊዎቿ አንዳንዶቹ ድንበሩን ተሻግረው ባቫሪያ ውስጥ ኖይሽታት ሄደው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ስለዚህ «ዌስት ጀርመኒ» የሚል ክዳን የገጠመ ኳስ የላውሻ ሰው የነፋው ሊሆን ይችላል።

ክዳኑን ለማየት ሻጩን ያስፈቅዱ። ኳሱን በመዳፍዎ ይያዙ እንጂ በሁለት ጣት አይጨብጡት፤ የድሮ ብርጭቆ ከእንቁላል ቅርፊት ብዙም አይወፍርም። ከክዳኑ ሥር የሚገቡትን ሁለት የሽቦ እግሮች ቆንጠጥ አድርገው ቀስ ብለው ወደ ላይ ይሳቡ። አንገቱ ጫፍ ስለት ሊሆን ይችላልና ጣትዎን አያስገቡ። በእጅ የተነፋ ከሆነ አንገቱ ከጎኑ ካሉት ጋር እኩል አይመጣም፤ አንዱ ረዘም፣ አንዱ ዘመም ይላል። የማሽኑ ኳሶች ግን አንድ ሳጥን ሙሉ ልክ ለልክ ናቸው። የስልክዎን መብራት በአንገቱ በኩል ቢያበሩ ብሩ የት የት እንደጠቆረና እንደተላጠ ይታያል። ክዳኑን መልሰው ሲገጥሙ ከላላ ወይም ከጠበበ ይጠርጥሩ። ክዳን ይጠፋል፣ ከሌላ ኳስ ተነቅሎም ይገጠማል፤ የ1940ዎቹ ክዳን የትናንት ኳስ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ምናለሽ ተራ የለመደ ሰው ለዚህ አዲስ አይደለም፤ ዕቃ ይገለበጣል፣ ብሎኑ ይታያል፣ ዋጋ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ የት ይገኛል? ያርድ ሴልም ትሪፍት ስቶርም ይሞከራል፤ ጥሩው ቦታ ግን ኢስቴት ሴል ነው። ባለቤቱ ሲሞት ወይም ወደ ትንሽ ቤት ሲዛወር የቤቱ ዕቃ እዚያው ቤት ውስጥ በየክፍሉ ዋጋ ተለጥፎበት ይሸጣል። ብዙ ጊዜ ዓርብ ገደማ ይከፈትና እሑድ ይዘጋል፤ በመጨረሻው ቀን ዋጋው በግማሽ የሚወርድበት ብዙ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ የኛ ሰው በሰፈረባቸው በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ከጦርነቱ በኋላ የተሠሩ ቤቶች ሞልተዋል፤ በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ረጅም ዕድሜ የኖሩ ሰዎች ሳጥናቸውን ቤዝመንት ውስጥ ወይም ጣሪያው ሥር ነው የሚያስቀምጡት። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሳሎን ውስጥ ሲጋፋ እርስዎ ወደ ታች ይውረዱ። የእንቁላል ካርቶን፣ የጫማ ሳጥን፣ የብስኩት ቆርቆሮ ካዩ ከፍተው ይዩ። በበጋ ይሂዱ፤ ጁላይ ላይ ስለ ገና የሚያስብ ሰው ስለሌለ ተፎካካሪ አይበዛም። የአንዱን ኳስ ዋጋ ከመጠየቅ የሙሉ ሳጥኑን ይጠይቁ፤ ሻጩም ተቀምጦ ከመቁጠር ይገላገላል። ዋጋ ማወዳደር ከፈለጉ ኢቤይ ላይ የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን ይመልከቱ። መጠየቅ ማንም ይጠይቃል።

ሁሉም የድሮ ነገር ግን አይገዛም። ዛፍ ላይ የሚንጠለጠለው የድሮ የብር ክር ብር አይደለም፤ አብዛኛው እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ነው። እርሳስ የመረጡት ከባድ ስለሆነና ቀጥ ብሎ ስለሚንጠለጠል ነበር። ለልጆች አደገኛ መሆኑ ታውቆ በ1972 ከአሜሪካ ገበያ እንዲወጣ ተደረገ። ሲይዙት ከበድ ብሎ ዝልፍልፍ የሚል ከሆነ ይተዉት። በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የተሸጠ ሰው ሠራሽ በረዶ ደግሞ አንዳንዱ አስቤስቶስ ነው፤ ሳጥኑን ጨርሶ አይክፈቱት።

አንድ የመብራት ዓይነት አለ፤ ፈሳሽ የያዘ ቀጭን ቱቦ ያለው፣ ሲበራ የሚንተከተክ። ኖማ የተባለ ኩባንያ በ1946 ገበያ ላይ አወጣው። ውስጡ ያለው ሜቲሊን ክሎራይድ 40 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ የትንሿ አምፖል ሙቀት ብቻ ያንተከትከዋል። ሲያዩት ደስ ይላል፤ ቱቦው ቢሰበር ግን ፈሳሹ ጎጂ ነው፤ የሽቦው ጎማም ከዕድሜ ብዛት ይሰነጣጠቃል። መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ እንጂ ሶኬት ላይ አይሰካ። ከ1959 ጀምሮ በዊስኮንሲን ማኒቶዎክ ሲሠራ በነበረው የአሉሚኒየም ዛፍ ላይም መብራት አይጠመጠምም። ዛፉ ብረት ነው፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ያኔም ቀለሙን ያገኝ የነበረው ወለል ላይ ከሚቀመጥና ባለቀለም ክቡ ከሚሽከረከር መብራት ነበር።

ቤት ሲገቡ ኳሱን አይጠቡት። ከውጭ ያለው ላከር በውሃ ይላቀቃል፣ በአንገቱ የገባ እርጥበት ብሩን ይልጠዋል፤ የኳሱ ቀለም በአንድ እጥበት ፎጣው ላይ ሊቀር ይችላል። በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ይበቃል። ሲያስቀምጡ በጋዜጣ አይጠቅልሉት፣ ፌስታልም እርጥበት ያፍናል። አሲድ የሌለው ስስ ወረቀት ይሻላል፤ ቦታውም ሰው የሚኖርበት ክፍል ቁም ሣጥን ይሁን። ጣሪያ ሥር ሙቀቱ፣ ቤዝመንት እርጥበቱ ያበላሸዋል። ዋናው የካርቶን ሳጥን ካለ አይጣሉት፤ ከነሳጥኑ የተገኘ ስብስብ ዋጋው ሌላ ነው።

በአንድ ነገር ግን እኛ ከሌላው ገዢ እንሻላለን። ዲሴምበር 25 ባለፈ ማግስት ትሪፍት ስቶሮች የገና ዕቃቸውን ዋጋ ይቆርጣሉ፤ የኛ ገና ታኅሣሥ 29 ስለሆነ ዛፋችንን ለማስጌጥ ሁለት ሳምንት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ አለን። ኳሱን ያኔ ይግዙ፤ መብራቱን ግን አዲስ ይግዙ።