ባል ሲደበድብ፦ ከሳሹ ማን ነው? ጠበቃ የሚያስፈልገውስ መቼ ነው?

ቢቸናም ሆነ ሞጣ፣ በባሏ የተደበደበች ሴት «ጠበቃ የማቆምበት ገንዘብ የለኝም» ብላ ዝም ማለት የለባትም። የወንጀሉ ክስ ጠበቃ እንድትቀጥር አያስገድዳትም። ፖሊስ ይመረምራል፣ ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፤ እሷ የግል ተበዳይና ምስክር ሆና ትቀርባለች።

ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ብቻ የወጣ አዋጅ የለንም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 564፣ የትዳር ጓደኛውን ወይም ያለ ጋብቻ አብራው የምትኖረውን የጎዳ ሰው ባዳን እንደጎዳ ሁሉ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ከባድ ጉዳት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ተራ ቀላል ጉዳት ደግሞ እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ያስቀጣል። ክፍተትም አለ፦ ሕጉ አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ በሚፈጸም ድርጊት ስለገደበው፣ ባል በዚህ ወንጀል አይከሰስም፤ ባደረሰው የአካል ጉዳት ግን ሊከሰስ ይችላል።

ተራው ቀላል ጉዳት የሚያስከስሰው ተበዳይዋ አቤቱታ ስታቀርብ ነው፤ ጊዜውም ሦስት ወር ነው። ሽማግሌዎች «ታገሺ፣ እናስታርቃችኋለን» እያሉ ሲቀጥሩ ይህ ጊዜ ይቆጠራል። አቤቱታ ማስገባት የእርቅን በር አይዘጋም። ከባድ ጉዳት ሲሆን ግን ቤተ ዘመድ ቢታረቅም ዐቃቤ ሕግ ሊከስ ይችላል።

ከባዱን ከቀላሉ ለመለየት ዋናው መሠረት የሐኪም ማስረጃ ነው። ስለዚህ ቁስሉ ሳይሽር ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዶ ማን፣ በምን እንደመታ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። አፍራ «ወድቄ ነው» ያለች ሴት ካርድ ኋላ ለተከሳሹ መከላከያ ይሆናል። ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶችም ለፖሊስ በምስክርነት ይቆጠሩ።

ጠበቃ ይበልጥ የሚጠቅመው በሌላኛው መዝገብ ነው። ፍቺ፣ የልጆች ቀለብና የንብረት ክፍፍል በወንጀሉ ፍርድ አይወሰኑም፤ በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ለብቻ ይጠየቃሉ። በጋራ ይዞታ የመሬት ደብተር ላይ የሚስትም ስም ስለሚሰፍር፣ ሕይወቷን ለማትረፍ ከቤት የወጣች ሴት መሬቷን ለቀቀች ማለት አይደለም።

ለዳኝነት የምትከፍለው ያጣች ሴት ችግሯን አስረድታ በድሃ ደንብ መክሰስ ትችላለች። በወረዳው የሴቶች ጉዳይና የፍትሕ ጽሕፈት ቤቶች፣ በዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የነፃ ድጋፍ ማዕከላት፣ እንዲሁም በኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ዘንድ ነፃ ምክር መጠየቅ ይቻላል። በ1989 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ ጠላፊዋን ገድላ የተከሰሰችው የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ራሷን መከላከሏ ታምኖ ነፃ የወጣችው በዚሁ ማኅበር ጠበቆች ተሟጋችነት ነው። ተበዳይዋ ራሷ ተከሳሽ ስትሆን ጠበቃ የግድ ነው፤ አቅም ከሌላትና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምላት ያዛል።

ሁለቱ መዝገቦች አይጠባበቁም። የወንጀሉ ክስ ባያልቅም የፍቺና የቀለብ አቤቱታ ማስገባት ይቻላል።