ፊት፣ ስልክ ቁጥር፣ ሰፈር፦ በነፃ የጌይ ቪዲዮ ቻት ላይ ሦስቱን አንድ ላይ አትስጡ

እንዲህ አስቡት። ገርጂ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት። አንድ ልጅ ነፃ የቪዲዮ ቻት ሳይት ላይ ከማያውቀው ሰው ጋር ያወራል። ሰውየው ተጫዋች ነው፣ ቶሎ ይግባባል። "ቴሌግራም ላይ እንቀጥል፣ ቁጥርህን ስጠኝ" ይለዋል። ልጁ ይሰጣል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የራሱ ቪዲዮ ተቀርጾ ይላክለታል፤ ከሥሩ የእህቱ፣ የአለቃውና የአጎቱ ስም ተደርድሯል። "ሃያ ሺህ ብር አስገባ። አንድ ሰዓት አለህ።"

ታሪኩን ለምሳሌ ያህል ነው ያመጣነው። ዘዴው ግን በመላው ዓለም የታወቀ ነው፣ ሴክስቶርሽን ይሉታል። እኛ አገር ሲሆን ደግሞ ይከብዳል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስራት ያስቀጣል። በነሐሴ 2015 ቲክቶክ ላይ ሰዎችን በፎቶና በስም እያወጡ "ምቷቸው" የሚሉ ቪዲዮዎች ሲዘዋወሩ፣ የአዲስ አበባ ሰላምና ፀጥታ አስተዳደር ቢሮም በሆቴሎችና በእንግዳ ማረፊያዎች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን ገልጾ ነበር። አስፈራሪው ይሄን ሁሉ ያውቃል። የሚተማመነውም "ለማንም አይናገርም" ብሎ ነው።

እዚህ ማን ማንን ይውደድ ብለን ልንከራከር አልመጣንም። የማንም ሰው ሕይወት በአንድ ስክሪንሾት መበላሸት የለበትም፣ በቃ። ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነ ግን እነዚህ ሳይቶች የናንተ ቦታ አይደሉም።

ስሙን እንዴት አገኘው?

ሀክ አላረገም። ቁጥሩን ብቻ ነው የተጠቀመው። ቁጥራችሁን ስልኩ ላይ ሴቭ ያረገ ሰው የቴሌግራምና የዋትስአፕ ፕሮፋይላችሁን ሊያይ ይችላል። ትሩኮለር ላይ ሌሎች ሰዎች እናንተን ሴቭ ያረጉበት ስም ይወጣል። የገንዘብ መላኪያ አፖች ላይ ደግሞ ቁጥር ሲገባ የባለቤቱ ስም ብቅ ሊል ይችላል። ከስሙ ፌስቡክ፣ ከፌስቡክ ቤተሰብ። አለቀ።

ስለዚህ ቁጥር ከመስጠት ዩዘርኔም ይሻላል። እሱም ቲክቶክ ወይም ኢንስታግራም ላይ ከምትጠቀሙበት የተለየ ይሁን። ፕሮፋይል ፎቶውም ሌላ ቦታ ያልለጠፋችሁት መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ፎቶ ጎግል ላይ ተፈልጎ ይገኛል።

ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ፣ ከዛ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ግቡ፦

• ፎን ነምበር የሚለውን "ኖባዲ" አርጉት። ከሥሩ በቁጥር ማን ያግኘኝ ለሚለው "ማይ ኮንታክትስ" ምረጡ።
• ኮልስ ውስጥ ፒር ቱ ፒር የሚለውን ዝጉት። ክፍት ከሆነ የምታወሩት ሰው የአይፒ አድራሻችሁን ሊያይ ይችላል።
• ሲንክ ኮንታክትስ የሚለውን አጥፉ።

ቪዲዮ ላይ ስትሆኑ

"ስክሪን መቅዳት አይቻልም" የሚል ሳይት ቢኖርም አትመኑት። ሌላ ስልክ ደግኖ መቅረጽን የሚከለክል ቴክኖሎጂ የለም። ስለዚህ ፊትና ገላ በአንድ ምስል ውስጥ አይግቡ። ይሄን ብቻ ብትይዙ ራሱ ብዙ ነገር ይቀራል።

ከኋላችሁ ያለውንም እዩ። በመስኮት የሚታይ የአያት ባቡር መስመር፣ የሰሚት ኮንዶሚኒየም የብሎክ ቁጥር፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የምርቃት ፎቶ፣ የመሥሪያ ቤት ባጅ። ድምፅም ይናገራል፤ ከቅርብ የሚሰማ የቅዳሴ ወይም የአዛን ድምፅ ሰፈራችሁን ያሳብቃል።

ከዛኛው ወገን የምታዩት ሰው እውነተኛ መሆኑንም አረጋግጡ። አስቀድሞ የተቀዳ ቪዲዮ የሚያጫውቱ አሉ። "እጅህን አውለብልብ" በሉት። ሰበብ ካበዛ ዝጉት።

ቪፒኤን አይፒያችሁን ይደብቃል፣ ፊታችሁንና ቁጥራችሁን ግን አይደብቅም። "ነፃ" የተባለው ሳይትም በነፃ አይኖርም፣ ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው የናንተ መረጃ ነው። ትልልቆቹም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም፦ ግራይንደር የተጠቃሚዎችን መረጃ ያለ በቂ ፈቃድ ለማስታወቂያ ድርጅቶች በመስጠቱ እኤአ በ2021 የኖርዌይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን 65 ሚሊዮን ክሮነር ቀጥቶታል።

ስልኩ ራሱስ?

ብዙ ሚስጥር የሚወጣው ከኢንተርኔት ሳይሆን ከእጅ ነው። ለእህት ወንድም ጌም የተሰጠ ስልክ፣ ለጥገና ከነፓስዎርዱ የተተወ ስልክ፣ ሳይጠፋ የተሸጠ ስልክ። አፑን ቆልፉ፣ ኖቲፊኬሽኑ ሎክ ስክሪን ላይ ጽሑፍ እንዳያሳይ አርጉ፣ ጋለሪውን አጽዱ። ስልክ ከመሸጣችሁ በፊት ከአካውንቶቻችሁ ውጡና ፋክተሪ ሪሴት አርጉ።

በአካል ለመገናኘት

መጀመሪያ ቀን፣ ሰው የሚበዛበት ካፌ። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ሞልቷል። "ቤት ና" ወይም "ጓደኛዬ መኪና ይዞ ይወስድሃል" ከተባለ ቅሩ፤ አንድ ሰው ብላችሁ ሄዳችሁ አራት ሆነው ሊጠብቋችሁ ይችላሉ። ለምታምኑት አንድ ጓደኛ ላይቭ ሎኬሽን ላኩ።

ማስፈራሪያው ከመጣ

• አትክፈሉ። የከፈለ ሰው ድጋሚ ይጠየቃል።
• አትለምኑ፣ አትሳደቡ። ማስፈራሪያውን፣ ዩዘርኔሙንና ብሩን አስገባ ያለበትን አካውንት ስክሪንሾት ያዙ፣ ከጋለሪ ውጪ አስቀምጡት። ከዛ ሪፖርት አርጋችሁ ብሎክ።
• የፌስቡክና የኢንስታግራም የጓደኛ ዝርዝራችሁን ወዲያው ዝጉ።
• ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ምስሉ ከስልካችሁ ሳይወጣ ዲጂታል አሻራው ብቻ ተወስዶ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክን በመሳሰሉ አባል መድረኮች ላይ እንዳይለጠፍ ይረዳል። ከ18 ዓመት በታች ለነበራችሁ ጊዜ ምስል "ቴክ ኢት ዳውን" የሚባለው አለ።

ሕጉስ? የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሰውን በቪዲዮ ወይም በምስል ማስፈራራትን ያስቀጣል። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ አንቀጽ 629 ባለበት አገር ለመክሰስ የሄደ ሰው ራሱ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ፖሊስ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት የምታምኑትን ጠበቃ አማክሩ።

ከምንም በላይ ግን ለአንድ ሰው ንገሩ። ጓደኛ፣ እህት፣ ማንም የምታምኑት ይሁን። የአንድ ሰዓት ቀጠሮ የሚሰጧችሁ ከማንም ጋር ሳትማከሩ እንድትከፍሉ ነው።

ይሄ ፅሁፍ የሚጠቅመው ሰው ካወቃችሁ በውስጥ መስመር ላኩለት። ኮሜንት ላይ ግን ማንንም ታግ እንዳታረጉ።