ጥፍጥፍ፣ ሳንቲም ወይስ አምባር? የጡረታ ወርቅ በአዳማ ሚዛን

የዛሬው የጤፍ፣ የስንዴና የቦሎቄ ዋጋ እንደተለመደው ማታ ይለጠፋል። አሁን የምጽፈው ስለ ወርቅ ነው። «አንተ የቡናና የእህል ደላላ፣ ወርቅ ምን አገባህ» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ግማሹ ስለ ቡና አይደለም፣ «ያለችኝን ወርቅ ላድርጋት ወይ?» ነው።

ለመጻፍ ያስነሱኝ አንድ የሞጆ እህል ነጋዴ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፣ ኦቦ ነው የምላቸው። ሠላሳ ዓመት ጤፍ ነግደዋል፣ ወደ 60 ተጠግተዋል፣ ስኳርም አለባቸው። መኪናውን የሚረከብ ልጅ ስላልተገኘ ባለፈው ወር አይሱዙአቸውን ሸጡ። ገንዘቡ ባንክ ገባ፣ እሳቸው ግን እንቅልፍ አጡ። «ኢልማ ኮ፣ ይሄ ብር እኮ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚያረጀው» አሉኝ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሐሳቡ ሦስት ቦታ ተከፍሏል። ባለቤታቸው አምባርና ሀብል ይገዛ ይላሉ። ዱባይ ሠርታ የተመለሰችው ልጃቸው «ጌጥ ኪሳራ ነው፣ ጥፍጥፍ ነው የሚገዛው» ትላለች። አሜሪካ ያለው የወንድማቸው ልጅ ደግሞ ራውንድ የሚባል፣ ሳንቲም የሚመስል ክብ ወርቅ እዚያ በርካሽ እንደሚገኝና ሰው ሲመጣ እንደሚልክላቸው ነግሯቸዋል። የትኛው ይሻላል ብለው ደወሉልኝ።

ጥያቄው ለምን እንደሚያስጨንቃቸው ይገባኛል። የግል ድርጅት ተቀጣሪ ቢሆኑ በየወሩ 7 በመቶ ከደመወዛቸው፣ 11 በመቶ ከአሠሪያቸው ለጡረታ ይገባላቸው ነበር። የዩኒየን ሠራተኞች ይህን ታውቁታላችሁ። እንደ እኛ ያለ ደላላ፣ ነጋዴና ገበሬ ግን አሠሪ ስለሌለው ጡረታውን ራሱ ነው የሚያበጀው። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ 7 በመቶ ነው ቢባልም፣ በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር ሁላችንም በጤፍ ዋጋ አይተነዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን ከ70 አለፈ፣ ብዙም ሳይቆይ 100ን ተሻገረ። እኔ በዚያ ሳምንት የወቅቱን የቡና ኮሚሽኔን ባንክ አስቀምጬ ተኝቼ ነበር። ላኪዎቻችን ያን ሳምንት አይረሱትም፣ እኔም በሌላ ምክንያት አልረሳውም።

ስለዚህ «ወርቅ ልግዛ ወይ» የሚለውን ሰው አልስቅበትም። ግን ጥያቄው ብዙ ጊዜ ተሳስቶ ይጠየቃል። ሁሉም የሚጠይቀኝ ወርቅ ይጨምር አይጨምር እንደሆነ ነው። ለጡረታ የሚገዛ ሰው መጠየቅ ያለበት ግን የቸገረው ቀን ይዞት ሲወጣ ማን፣ በስንት ቅናሽ እንደሚቀበለው ነው። እኛ በቡና የምናውቀው ነገር ነው። ኒው ዮርክ የሚለውና አቅራቢው እጅ የሚገባው አንድ አይደለም፣ በመካከሉ እርጥበት አለ፣ ጉድለት አለ፣ ደረጃ አለ፣ እኔም አለሁ።

መጀመሪያ ስሌቱን እንያዝ። የዓለም ገበያ ወርቅን የሚጠራው በአውንስ ነው፣ የወርቅ አውንስ ደግሞ 31.1 ግራም ነው። (ለዕቃ መመዘኛ የሚጠቀሙበት 28.35 ግራሙ ሌላ ነው፣ ሲደባለቅ አይቻለሁ።) እንዲቀለን አውንሱ 3,110 ዶላር፣ ዶላሩ 140 ብር ነው እንበል። ይህ ምሳሌ ነው፣ የዛሬ ዋጋ አይደለም። ንጹሕ ወርቅ ግራሙ 100 ዶላር፣ ማለትም 14,000 ብር ይመጣል። 21 ካራት ከሺህ 875 እጅ ወርቅ ስለሆነ 12,250 ብር፣ 18 ካራት ከሺህ 750 ስለሆነ 10,500 ብር ይሆናል። ወርቅ ቤት ከመግባታችሁ በፊት የዕለቱን ዋጋና ምንዛሪ አስገብታችሁ ይህቺን በስልካችሁ ሥሩ። ሻጩ ከጠራው ዋጋ ላይ ይህን ስትቀንሱ የሚተርፈው የእጅ ዋጋና ትርፍ ነው።

አሁን ወደ ባለቤታቸው ሐሳብ። በዚያው ምሳሌ 21 ካራት አምባር ስትገዙ ለእጅ ዋጋና ለትርፍ በግራም 1,000 ብር ተጨመረባችሁ እንበል፣ 13,250 ከፈላችሁ። በማግስቱ መልሳችሁ ብትሸጡት የእጅ ዋጋውን የሚመልስላችሁ የለም። ገዢው ከወርቁም ላይ 500 ቢቀንስ 11,750 ይሰጣችኋል። በአንድ ሌሊት በግራም 1,500 ብር ሄደ ማለት ነው። ወርቁ ከ12 በመቶ በላይ ካልጨመረ የገዛችሁበትን እንኳ አታገኙም። አበባ የበዛበት፣ ፈርጥ ያለበት፣ «የዘንድሮ ፋሽን» የተባለ ሲሆን ልዩነቱ ይሰፋል። ድፍንና ልሙጥ አምባር ሲሆን ይጠባል።

ይህን በመጽሐፍ አላነበብኩትም። አባቴ የታመመ ጊዜ እናቴ የሠርጓን ሀብልና ሁለት አምባር ይዛ ስትወጣ አብሬያት ነበርኩ። የመጀመሪያው ሱቅ ደረሰኝ ጠየቀ፣ አልነበራትም። ሁለተኛው ደንጊያው ላይ ፈትጎ አሲድ ጠብ አድርጎ 18 ነው አለ፣ እሷ 21 ብላ ነበር ዕድሜዋን ሙሉ የምታወራው። ሦስተኛው ፈርጦቹን አውጥቶ መዘነና ክብደቱ ከጠበቀችው በታች ሆነ። ሐኪም ቤቱ ገንዘብ ስለሚፈልግ በዚያው ሸጠች። እናቴ የተናደደችው በዋጋው አልነበረም፣ «ይሄን ሁሉ ዓመት የያዝኩትን አላውቀውም ነበር ማለት ነው» ነበር ያለችው።

የኦቦ ባለቤት ግን አንድ ትልቅ እውነት ይዘዋል። በአዳማም ሆነ በሻሸመኔ፣ በባቱም ሆነ በመቂ፣ ጌጥ ይዞ የገባን ሰው የሚያስተናግድ ወርቅ ቤት አይጠፋም። ገዢው የሚያውቀው ዕቃ ነው። የሌሎቹ ሁለት ሐሳቦች ድክመት እዚህ ላይ ነው።

ራውንድ ማለት የግል ማቅለጫ ድርጅት የሚያወጣው ክብ ወርቅ ነው። ሳንቲም ይመስላል እንጂ ሳንቲም አይደለም፣ የትኛውም መንግሥት ዋጋ አልጻፈበትም። አሜሪካ ርካሽ የሚሆነውም ለዚሁ ነው። በእኛ ቋንቋ ደረጃ ያልወጣለት ቡና ነው። ፍሬው ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ግን እያንዳንዱ ገዢ በጥርጣሬው ልክ ይቀንስልሃል። የማያውቁትን ማኅተም ያየ የአዳማ ወርቅ ቤት ባለሱቅ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፣ ፈትጎ እንደ አሮጌ ወርቅ መመዘን። መጠራጠሩም አይፈረድበትም። ተንግስተን የሚባለው ብረት ክብደቱ ከወርቅ ጋር እኩል ሊባል የሚችል ስለሆነ በወርቅ ተለብጦ ሲመጣ ሚዛን ብቻውን አይለየውም፣ አሲድም የሚያየው ላዩን ነው።

ሳንቲም የተሻለ መታወቂያ አለው። የደቡብ አፍሪካው ክሩገርራንድና የአሜሪካው ኢግል 22 ካራት ናቸው፣ ባለ አንድ አውንሱ ሚዛን ላይ 33.9 ግራም ይመዝናል። ይህን ያላወቀ ሰው «24 አይደለም» ተብሎ ይታለላል። ውስጡ ያለው ንጹሕ ወርቅ ግን ያው 31.1 ግራም ነው፣ ትርፉ እንዳይፋቅ የተጨመረ ማጠንከሪያ ነው። የእኛም አለ። በ1958 በንጉሡ ጊዜ የወጡት የወርቅ ሳንቲሞች ከሺህ 900 እጅ ወርቅ ናቸው፣ ባለ 100 ብሩ 40 ግራም ነው፣ 36 ግራሙ ንጹሕ ወርቅ። እንዲህ ያለው በአያት ሳጥን ውስጥ ከተገኘ እባካችሁ ለማቅለጫ አትስጡት። ሰብሳቢ ገዢ ከወርቁ ዋጋ በላይ ሊከፍል ይችላል፣ አንጥረኛ ግን 21 ብሎ መዝኖ ያቀልጠዋል።

ሳንቲም ካነሳሁ ጠገራውን ሳላነሳ ባልፍ አያቴ አትምረኝም። ማርትሬዛ ብር ነው፣ ወርቅ አይደለም። 28 ግራም ይመዝናል፣ ከሺህ 833 እጁ ብር ነው። ጥንት ወርቅ የሚመዘንበት ወቄታችንም የአንድ ጠገራ ክብደት ነበር። ቡና በእሱ ተሽጧል፣ ሴቶች አንገታቸው ላይ አድርገውት እንደ ጡረታ ይዘውታል። ነገር ግን «1780 ተጽፎበታል፣ ጥንታዊ ነው» ብሎ የሚያስወድድባችሁ ካለ አትስሙት። ቪየና ከንግሥቲቱ ሞት በኋላ ሁሉ ያንኑ ዓመት እየጻፈች ስትመታው ኖራለች። ያ ቁጥር የሳንቲሙን ዕድሜ አይነግርም።

ወደ ልጅቷ ሐሳብ ልመለስ፣ ጥፍጥፍ። በስሌት ብቻ ካየነው ልክ ነች። የእጅ ዋጋው ትንሽ ነው፣ 999 ተጽፎበታል፣ ቁጥር አለው፣ በታሸገ ካርድ ይመጣል። የምርት ገበያ የመጋዘን ደረሰኝ እንዳለው ቡና ነው፣ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። ማሸጊያው ከተቀደደ ግን ወረቀቱ ዝም ይላል። መጠኑም ወሳኝ ነው። ባለ 1 ግራም ከሆነ ለማሸጊያው በግራም ብዙ ትከፍላላችሁ፣ ባለ 100 ግራም ከሆነ ደግሞ ለአንድ ወር መድኃኒት ስትፈልጉ ቆርሳችሁ አትሸጡትም። ለኦቦ ዓይነት ሰው 5 እና 10 ግራሙ ነው የሚሆነው።

ችግሩ አገር ውስጥ ነው። በእኛ ሕግ ጥሬ ወርቅ ያለ ፈቃድ መግዛትና መሸጥ ያስጠይቃል፣ የማዕድን ወርቅ ዋናው ገዢም ብሔራዊ ባንክ ነው። ከሻኪሶም ይምጣ ከሌላ ቦታ፣ «በግራም ይሄን ያህል ቀንሼ» የሚል ሰው ያቀረበውን ጥፍጥፍ መንካት የለባችሁም። በ2017 የበጀት ዓመት ወርቅ በውጭ ምንዛሪ ገቢ ቡናችንን ቀድሞ ሄዷል፣ መንግሥት ዓይኑን ከእሱ ላይ አያነሳም። ከውጭ የሚመጣውም ቢሆን የግዢ ደረሰኝና የጉምሩክ ወረቀት ከሌለው፣ በሚሸጥበት ቀን ከየት እንዳመጣችሁት ማስረዳት የእናንተ ሸክም ይሆናል። «ሰው ሲመጣ እልክልሃለሁ» የሚለውን ራውንድ ያልወደድኩት በዚህም ነው፣ የሚያመጣውን ሰው ጭምር ችግር ውስጥ ይከተዋል። የወንድማቸው ልጅ ለራሱ ጡረታ ቢገዛ የራሱ ጉዳይ ነው፣ እዚያ ወርቅ የሚይዝ የጡረታ ሒሳብ አለ፣ ወርቁ ግን የሚቀመጠው በተፈቀደ ማከማቻ እንጂ ቤት አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ወርቅ ነጋዴዎች ሲናገሩት አልሰማሁም። ወርቅ ይወርዳል። በ2003 መጨረሻ አውንሱ 1,900 ዶላር አካባቢ ነበር፣ በታኅሣሥ 2008 ወደ 1,060 ወረደ። በዚያ ጊዜ ዶላር ከ17 ወደ 21 ብር ስለወጣ በብር ይሻል ነበር የሚል አለ፣ አስሉት፣ በብርም 30 በመቶ ገደማ ነው የወረደው። እናቴ የሸጠችው ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነበር። በ2017 አውንሱ 3,000 ዶላርን ሲሻገር የገዛ ሁሉ ሊቅ መስሎ ታየ እንጂ፣ የሚያረጅ ሰው የሚሸጥበትን ዓመት አይመርጥም፣ በሽታው ነው የሚመርጥለት። ወርቅ ደግሞ ኪራይ አይከፍልም፣ አይወልድም፣ አይታለብም።

ለኦቦ ያልኳቸው ይህን ነው። የአይሱዙውን ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ወርቅ አያድርጉት። የሁለት ዓመት መድኃኒትና ቀለብ ባንክ ይቀመጥ፣ ቢያረጅም ያረጅ። ሞጆ ያለችውን ባዶ ቦታ ሁለት የኪራይ ክፍል ይሥሩባት። ከተረፈው ሲሶው ወርቅ ይሁን፣ እሱም ልሙጥ 21 ካራት፣ ፈርጥ የሌለው፣ እያንዳንዱ ከ10 ግራም ያልበለጠ፣ ካራቱና ግራሙ የተጻፈበት ደረሰኝ ያለው። በአንድ ቀን ሳይሆን በየወቅቱ፣ ጤፍ ሲገዙ እንደሚያደርጉት። ደረሰኙም ወርቁ ካለበት ቦታ ውጭ ይቀመጥ፣ የት እንዳለ ልጅቷም ትወቅ። ልጅቷ ጌጥ በመሆኑ አኩርፋለች። ባለቤታቸው ደግሞ «ልሙጥ ምን ያምራል» ብለዋል አሉ።

ትናንት ከሰዓት ከአንድ ወርቅ ቤት ሆነው ደወሉልኝ። «ኢልማ ኮ፣ ሰውዬው ቅናሽ አድርጌልሃለሁ ይላል፣ መሐሏ ላይ ግን ቀይ ነገር አለባት» አሉ። ቀዩን ነገር አውልቆ ይመዝን አልኳቸው። ስልኩ ሳይዘጋ ሰውዬው «አይ እሱማ አይወልቅም» ሲል ሰማሁ፣ ኦቦም «እንግዲያው ደህና ዋል» ብለው ወጡ።