ልጁ ሲያድግ መዝገቡ የት ይደር?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ እንደ ጀሞ ባሉ የኮንዶሚኒየም መንደሮች ወሬ ከሰው ቀድሞ ደረጃ ይወጣል። እንበልና አንድ የ13 ዓመት ልጅ የጎረቤት ስልክ ሰርቆ ተያዘ። እስኪመሽ የብሎኩ ሰው ሁሉ ይሰማል፤ በማግስቱ ወሬው ትምህርት ቤት ይደርሳል። ልጁ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ሰፈሩ ስም አውጥቶለታል።

ሕጉ ግን ይህን ልጅ የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ከወንጀል ተጠያቂነት ውጭ አድርጎታል። ዕድሜው ከ9 እስከ 15 የሆነውን ደግሞ የአዋቂ ቅጣት እንዳይደርስበት፣ ከአዋቂ እስረኛ ጋርም እንዳይቀላቀል ይከለክላል። ዳኛው ሊገሥጸው፣ በቤቱ ወይም በትምህርት ቤቱ ተወስኖ እንዲቆይ ሊያዝዘው፣ ለሚከታተለው ሰው በአደራ ሊሰጠው ወይም ጠባይ ማረሚያ ሊያስገባው ይችላል። ሕጉ እነዚህን የሚያርሙ እርምጃዎች እንደ ወንጀል ቅጣት አይቆጥራቸውም።

የችሎቱም አካሄድ ለየት ይላል። ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 176 የልጁ ጉዳይ በዳኛው ጽሕፈት ቤት፣ በዝግ እንዲሰማ ያዝዛል። ከምስክሮች፣ ከባለሙያዎች፣ ከወላጅ ወይም ከሞግዚትና ከበጎ አድራጎት ድርጅት ወኪሎች በቀር ሌላ ሰው አይገባም፤ ዐቃቤ ሕግም የሚገኘው ጉዳዩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲሆን ነው። ልጁ ሊሰማው የማይገባ ነገር የሚነገር ከሆነ እሱ ራሱ ለጊዜው እንዲወጣ ይደረጋል። ቀጠሮ የተሰጠ እንደሆነም ልጁ ለወላጁ፣ ለዘመዱ ወይም ለታመነ ሰው ይሰጣል። ከ60 ዓመት በፊት የተጻፈ ሕግ ለልጅ ይህን ያህል ማሰቡ ሊመሰገን ይገባዋል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ማንኛውም ተከሳሽ በግልጽ ችሎት የመዳኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት ለመጠበቅ ግን ችሎቱ ሊዘጋ ይችላል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም በአንቀጽ 17 ጋዜጠኛም ሆነ ሌላ ሰው በልጅ ችሎት እንዳይገኝ መከልከል አለበት ይላል።

በሩ ተዘጋ፤ ዳኛው ወሰነ፤ ልጁ ወደ ቤቱ ሄደ። ፋይሉስ?

ትልቁ ክፍተት ያለው እዚህ ላይ ነው። የ1954ቱ ሕግ ስለ ችሎቱ በግልጽ ይናገራል፤ መዝገቡን ማን እንደሚያይ፣ ግልባጩን ማን እንደሚወስድ፣ ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ ግን ያን ያህል አይናገርም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣቸው የቤጂንግ ደንቦች ጥያቄውን ፊት ለፊት መልሰውታል፦ የልጅ መዝገብ በጥብቅ ምስጢር ይያዝ፤ በጉዳዩ ላይ ከሚሠሩና ከተፈቀደላቸው ሰዎች ውጭ ማንም አይየው፤ ልጁ አድጎ ሌላ ወንጀል ቢከሰስ እንኳ የልጅነቱ መዝገብ አይጠቀስበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዙ ተቋማት ላይ ግዴታ ጥሏል። ሆኖም መዝገብ ቤት ለተቀመጠች አንዲት ሠራተኛ «ይህን ፋይል ለእነ እገሌ ብቻ» የሚል ዝርዝር መመሪያ ከአዋጅ ይበልጥ ይጠቅማታል።

ምስጢር ሲባል መዝገቡ ለማንም አይከፈት ማለት አይደለም። ልጁ ጠባይ ማረሚያ ከገባ ተቋሙ ታሪኩን ማወቅ አለበት፤ የልጁን ጠባይ አይቶ እርምጃው እንዲለወጥ ለፍርድ ቤቱ ሐሳብ የሚያቀርበውም እሱ ነው። ወላጅና ጠበቃ ፋይሉን ሳያዩ ይግባኝ ማለት አይችሉም። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ተበዳዩ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2124 አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባቱን ተጠያቂ ያደርጋል። ስልኳ የተሰረቀባት ጎረቤት አባትየውን ካሣ ለመጠየቅ ውሳኔው ያስፈልጋት ይሆናል። ለካሣው የሚበቃውን ክፍል ማግኘቷ ተገቢ ነው፤ ስለ ልጁ ቤተሰብና ጤና ባለሙያ የጻፈውን ሪፖርት ግን የምታይበት ምክንያት የለም። አጥኚ ሲመጣም ስም ተሰርዞ ሊሰጠው ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 የሆኑት ልጆች ጉዳይ ነው። በዓለም አቀፉ የሕፃናት መብቶች ስምምነት መሠረት 18 ዓመት ያልሞላው ሁሉ ሕፃን ነው። የወንጀል ሕጋችን ግን 15 ያለፈውን በአዋቂዎች ድንጋጌ ይዳኘዋል፤ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ቢችልም፣ ሞት ባይፈረድበትም፣ የ1954ቱ ሕግ ዝግ ችሎት አይደርስለትም። 14 ዓመት ከ11 ወር የሆነው ልጅ በዝግ ሲታይለት፣ ሁለት ወር የሚበልጠው ጓደኛው ስሙ በአደባባይ ይጠራል። ከዓመታት በኋላ ለሥራ ወይም ለውጭ ጉዞ «አሻራ ስጥ» ሲባል ያ ስም ይከተለዋል። የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ጨርሶ የተወሰነ ጊዜ በመልካም ጠባይ ከቆየ ፍርዱ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል፤ ሕጉ ይህን «መሰየም» ይለዋል። ይህን መንገድ የሚያውቅ ወጣት ግን ጥቂት ነው።

አንድ ጊዜ የወጣ ስም ምን ያህል እንደሚከብድ እንግሊዝ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1993 በሊቨርፑል አካባቢ አንድ ሕፃን የገደሉ ሁለት ልጆች ድርጊቱን ሲፈጽሙ የ10 ዓመት ልጆች ነበሩ። በችሎቱ ወቅት ስማቸው ተሸሽጎ ቆይቶ፣ ጥፋተኛ ሲባሉ ዳኛው እንዲገለጽ ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከእስር ሲወጡ ግን አዲስ ስምና ማንነት ተሰጣቸው፤ ያን ማንነት ማተምም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለዕድሜ ልካቸው ተከለከለ።

በንፋስ ስልክ ላፍቶም ሆነ በሌላ ክፍለ ከተማ ልጁ የተያዘበት ወላጅ ዝርዝር መመሪያ እስኪወጣ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ልጁ 15 ካልሞላው ጉዳዩ በዝግ እንዲታይ ሕጉ ያዝዛል፤ ካለፈውም ሕገ መንግሥቱን ጠቅሶ ችሎቱ እንዲዘጋ ዳኛውን መጠየቅ ይቻላል። የመዝገቡ ግልባጭ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ ማመልከትም እንዲሁ። የልደት ምስክር ወረቀቱ ከመጀመሪያው ቀን ፋይሉ ውስጥ ይግባ፤ የዕድሜው ጉዳይ አጠራጣሪ ከሆነ ልጁ እነዚህን ጥበቃዎች ሁሉ ሊያጣ ይችላልና።