የሌሞ ፀሐይና ፈጣኑ ሻተር

ለሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ ለያሆዴ በዓል ወደ ሌሞ ገጠር ፎቶ ሊያነሳ የሚሄድ ሰው ካሜራው ውስጥ ባለ 400 ፊልም ቢያስገባ አይፈረድበትም። ሣር ቤቱ ውስጥ ጨለም ይላል፤ ሴቶቹ እንሰት የሚፍቁበት ጓሮም በቅጠሉ ተጋርዷል። ጣጣው የሚመጣው ፈረሰኛ ሊያነሳ ደጅ ሲወጣ ነው። ሌሞ የሚገኝበት የሆሳዕና ከተማ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል፤ በመስከረም እኩለ ቀን ደግሞ ፀሐይዋ ከአናት እምብዛም አትርቅም። ዲጂታል ካሜራ ቁልፍ ተጭነው ለብርሃን ያለውን ስሜት ይቀንሱለታል፤ ፊልም ግን 36ቱም እስኪያልቅ ያው 400 ነው።

ፎቶ አንሺዎች የቆየ ስሌት አላቸው፤ በጠራራ ፀሐይ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 16 ከሆነ የሻተሩ ፍጥነት ከፊልሙ ቁጥር ጋር ይቀራረባል። ለባለ 400 ፊልም 1/500 ሴኮንድ ማለት ነው። ቀዳዳው እንዲህ ሲጠብ ግን ከፈረሰኛው ጀርባ ያለው አጥርና የመብራት ምሰሶ ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ጀርባውን አደብዝዞ ፈረሰኛውን ለማጉላት ቀዳዳውን መክፈት ያስፈልጋል። አንድ ደረጃ በተከፈተ ቁጥር የሚገባው ብርሃን እጥፍ ስለሚሆን ሻተሩም በእጥፍ መፍጠን አለበት፦ ኤፍ 11 ላይ 1/1000፣ ኤፍ 8 ላይ 1/2000፣ ኤፍ 5.6 ላይ 1/4000። ከ1/500 የማያልፈው ዜኒት-ኢ ካሜራ ገና ኤፍ 16 ላይ አቅሙን ይጨርሳል። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው ኒኮን ኤፍኤም2 ግን 1/4000 ይደርሳል።

ሻተሩ ከፊልሙ ፊት ያሉ ሁለት መጋረጃዎች ናቸው። በ1/4000 ፍጥነት የመጀመሪያው መንገዱን ሳይጨርስ ሁለተኛው ይከተለዋል፤ ፊልሙ ብርሃን የሚያገኘው በመካከላቸው በምታልፈው፣ ከ2 ሚሊሜትር በምታንሰው ክፍተት ነው። ኒኮን የመጀመሪያዎቹን የኤፍኤም2 መጋረጃዎች ቀላልና ጠንካራ ከሆነው ታይታኒየም የሠራቸው ለዚሁ ፍጥነት ነው።

እንቅስቃሴም አብሮ ይጠራል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር እየጋለበ በጎን የሚያልፍ ፈረስ በ1/500 ሴኮንድ 2 ሴንቲሜትር፣ በ1/4000 ግን 2.5 ሚሊሜትር ብቻ ይጓዛል። ሰኮናው የሚበትነው አፈር ሳይቀር አየር ላይ ቆሞ ይታያል።

ሻተሩ 1/1000 ላይ የሚቆም ካሜራ ያለው ሰውም መላ አያጣም። የቀለም ኔጋቲቭ ፊልም አንድ ሁለት ደረጃ ብርሃን ቢበዛበት ይችላል፤ ስላይድ ፊልም ግን ወዲያው ይቃጠላል። ባለ 100 ፊልም ቢገዛ ደግሞ በኤፍ 5.6 ለፈረሰኛው 1/1000 ይበቃዋል፤ ሣር ቤቱ ውስጥ ሲገባ ግን ብርሃን ያጥረዋል። በአንድ ፊልም ቤቱንም ፈረሱንም ማንሳት የሚሻ ሰው ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ በመጀመሪያ የሻተሩን የመጨረሻ ቁጥር ይመልከት።