ስኪ ጋራዥ ሲገባ

በመተማ ቆላ በረዶ የሚታወቀው ለስላሳ ሲያቀዘቅዝ ነው። ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ስለ ስኪ ማውራት ቅንጦት ይመስል ይሆናል። ግን ስኪ ያለ በረዶም ይሠራል። ለኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ተወዳዳሪ ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ ላይ የሚለማመደው አስፋልት ላይ፣ ባለ ጎማ ስኪ አጥልቆ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ቱሪን፣ በ2002 ዓ.ም. ቫንኩቨር ላይ አገሩን ወክሎ የቀረበው እሱ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ በ15 ኪሎ ሜትር።

ዕቃው ቀላል ነው። ቀጭን የአሉሚኒየም ዘንግ፣ ከፊትና ከኋላ አንድ አንድ ጎማ። የጫማው ጫፍ ይታሰራል፣ ተረከዙ ይነሣል፣ እጅ ሁለት ምርኩዝ ይይዛል። አብዛኛው ፍሬን ስለሌለው ከአይከል ወደ ገንዳ ውኃ የሚወርደውን ቁልቁለት በእሱ መሞከር ዕብደት ነው። ወደ ጎን እየገፉ የሚሄዱበት ዓይነት ጎማው ቀጭንና ዲያሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እንደ ሩጫ ቀጥ ብለው የሚረግጡበት ደግሞ አጠር፣ ሰፋ ያለ ጎማ አለው፤ ከጎማዎቹ አንዱ ወደ ፊት ብቻ የሚዞር ኩሽኔታ ስላለው ሲረግጡት ወደ ኋላ አይንሸራተትም።

የሚያረጀው ጎማው ነው። እግር የሚገፋው በውስጥ ጠርዙ ስለሆነ፣ አላይመንቱ እንደተበላሸ የጭነት መኪና ጎማ ባንድ ጎኑ ይበላል። ከዚያ ስኪው ወደ ጎን ይጎትታል። ለዚህ ገንዘብ የማያስወጣ መላ አለ፦ የግራውን ጎማ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ማዛወር። ሲዛወር ግን መገልበጥ የለበትም፤ ሳይገለበጥ ከሄደ የተበላው ጎን ራሱ ወደ ውጭ ይወጣል። ከተገለበጠ ባለ አንድ አቅጣጫው ኩሽኔታ ወደ ፊት መዞር ትቶ ይነክሳል።

አንዴ ሾጣጣ ከሆነ የቶርኖ ሥራ ነው። ቶርኖ ከሌለ በድሪል አሽከርክሮ በሞረድ ማስተካከል ይቻላል፤ በዝግታ ግን፣ ምክንያቱም ከፖሊዩሪቴን የተሠራው ጎማ በፍትጊያ ሲግል ይላላል። አንዱ በተቀነሰ ቁጥር ሌላውም እኩል ይቀነሳል። እንደ ጎሚስታ የመኪና ጎማ ቆርጦ በማስቲሽ መለጠፍ የሚያምራቸው ይኖራሉ፤ እኔ አልመክርም። የመኪናውን ልጣፊ የውስጡ አየር ከጎማው ጋር ይጫነዋል፤ እዚህ ግን ከማስቲሹ በቀር የሚይዘው የለም፣ የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ይላቀቃል።

ብዙዎቹ የስኪ ጎማዎች የሚወስዱት ኩሽኔታ 608 የሚባለው ነው፦ ውስጡ 8፣ ውጩ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር። አሮጌው በዘንግ ከኋላ እየተመታ ይወጣል፤ አዲሱ በሞርሳ ይገባል። ሲጫኑት በውጭኛው ቀለበት ብቻ መሆን አለበት፤ በውስጠኛው ከተጫኑት ኳሶቹ መቀመጫቸውን ያበላሻሉ። ለቆላው የበጋ አቧራ በጎማ የተሸፈነው በብረት ከተሸፈነው ይሻላል። ባለ አንድ አቅጣጫው ግን ወፍራም ግራሶ አይወድም፤ መንከሱን ትቶ ይንሸራተታል፣ ስለዚህ ቀጭን ዘይት ይበቃዋል።

ሲገጠም ሁለቱን ስኪ ለጥ ባለ ሲሚንቶ ላይ ጎን ለጎን አድርጎ እኩል መግፋት ነው። ቀድሞ የሚቆመው ወይ ኩሽኔታው ጠብቋል፣ ወይ ብሎኑ ከልክ በላይ ታስሯል።