በቃል ያለ ይረሳል
ከካናዳ ሆነው ከአገር ቤት ጋር ለመነገድ ለሚያስቡ

እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ እንጂ ነጋዴም ጠበቃም አይደለሁም። የምጽፈውም ማታ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እዚሁ ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ላይ ካሉት የእኛ ምግብ ቤቶች በአንዱ ተቀምጠን አንድ ወጣት የጠየቀኝ ጥያቄ ነው።

«ጋሼ፣ አጎቴ ከአዲስ አበባ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀ ሊልክልኝ ነው፤ እኔ እዚህ ላከፋፍል። ሰዎች ውል ተዋዋሉ ይሉኛል። አጎቴ እኮ ነው! ምን ውል ያስፈልጋል?»

መልሱን ከራሴ ልጀምር። ከዓመታት በፊት እኔም ከአንድ የልጅነት ጓደኛዬ ጋር ልክ ይህንኑ ንግድ ጀምሬ ነበር። እኔ ገንዘብ አወጣለሁ፣ እሱ አስፈጭቶ ይልካል፣ ትርፉን እኩል እንካፈላለን ተባባልን። ውል አልጻፍንም። ወረቀት ማንሳቱ ራሱ «አላምንህም» ማለት መስሎን ነበር። የመጀመሪያው ጭነት በሰላም ደረሰ። ሁለተኛው ወደብ ላይ ዘገየ፣ የመጋዘን ኪራይ ተቆጠረበት፣ ከፊሉም ተበላሸ። ኪሳራው የማን ነው? እሱ «የገንዘቡ ባለቤት ነው» አለ፤ እኔ «የሁለታችን ነው» አልኩ። ማናችንም አልዋሸንም። ስለ ትርፍ እንጂ ስለ ኪሳራ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ገንዘቡስ ይሁን፤ እናቱ ባረፉ ጊዜ ግን ደውዬ እንኳን ሳላጽናናው ቀረሁ።

ስለዚህ በዓለም አቀፍ ንግድ ውስጥ ሦስት ፈተናዎች አሉ ሲባል፣ ማለትም ባህል፣ ሕግና ኢኮኖሚ፣ እኔ ሦስቱንም የማያቸው በዚያ ባልጻፍነው ወረቀት በኩል ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባህሉ

ቋንቋ አንድ ስለሆነ የምንግባባ ይመስለናል። አጎት «ከክረምት በፊት እልካለሁ» ቢሉ ከሰኔ በፊት ማለታቸው ነው፤ እዚህ ያደገው ልጅ ግን በረዶ ከመጣሉ በፊት ብሎ ይረዳዋል። ስድስት ወር ልዩነት! «ዓርብ በ3 ሰዓት እንደዋወል» ሲባልም የማን 3 ሰዓት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከቶሮንቶ እዚህ ሲሞቅ በ7፣ ሲበርድ በ8 ሰዓት ይቀድማል።

ከዚህ የሚከብደው ይሉኝታ ነው። «እሺ» ሁልጊዜ ስምምነት አይደለም፤ አንዳንዴ ሰው ላለማስቀየም የሚሰጥ መልስ ነው። «ችግር የለም» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ችግር ሲኖር ነው። የካናዳ ደንበኛ ደግሞ «ይዘገያል» ብትሉት ይታገሣል፤ «ይደርሳል» ብላችሁ ካልደረሰ ግን ዳግመኛ አያዝዝም። ለዚህ የሚበጀው ጥያቄውን መለወጥ ነው። «ይደርሳል ወይ?» ከማለት «ዛሬ ስንት ኩንታል ተፈጭቷል? የቀረው ምንድን ነው?» ማለት ይሻላል። ቁጥር ይሉኝታ አያውቅም።

ሕጉ

ውል የትልቅ ኩባንያ ነገር ብቻ ከመሰላችሁ አገራችን ራሷ የተማረችውን ተመልከቱ። በ2005 ኢትዮጵያ ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች። ከአንድ ዓመት በፊት ስታርባክስ «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበትን የራሱን ምልክት ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበርም ስሞቹ የማንም ሊሆኑ አይችሉም ብሎ ተቃወመ። በ2006 ኦክስፋም ጉዳዩን ለዓለም አሰማ፤ በ2007 ስታርባክስና ኢትዮጵያ ተስማሙ፤ ኩባንያውም ስሞቹን የኢትዮጵያ ብሎ በፈቃድ ለመጠቀም ፈረመ። ስሞቹ በእኛ አፍ ለስንት ዘመን ሲጠሩ ኖረዋል፤ ገበያው ውስጥ ክርክር ሲነሳ ያገለገሉን ግን የምዝገባ ማመልከቻዎቹ ናቸው።

ይሁን እንጂ ማንኛውም ወረቀት ያድናል ማለት አይደለም። የጤፍ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በ2005 የኢትዮጵያ ተቋማት ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር በጤፍ ላይ ጥቅም ለመጋራት ውል ተፈራረሙ። ኩባንያው በ2007 ከአውሮፓ የፓተንት ቢሮ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት አገኘ፣ በ2009 ከሰረ። ኢትዮጵያ በውሉ መሠረት የምትጠይቀው ባለዕዳ ጠፋ፣ ፓተንቱ ግን በሌላ እጅ ቆየ። በ2018 መጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን በኔዘርላንድ ዋጋ ቢስ አደረገው፤ ያም የሆነው ሁለት የውጭ ኩባንያዎች እርስ በርሳቸው ተካሰው ነው። እንግዲህ ውል ሲጻፍ «ሌላው ወገን ቢከስር፣ ቢሞት፣ ድርሻውን ለሌላ ቢሸጥስ?» የሚለው ጥያቄ መመለስ አለበት።

ሌላው ጥያቄ ብንጣላ የት እንዳኛለን የሚለው ነው። የቶሮንቶ ፍርድ ቤት የፈረደላችሁን ይዛችሁ አዲስ አበባ ላይ ማስፈጸም ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ያ አገር የኢትዮጵያን ፍርድ ይፈጽማል ወይ ብሎ ይጠይቃል። የግልግል ዳኝነት ውሳኔ ግን የተሻለ መንገድ አለው፤ ካናዳ ከ1986 ጀምሮ ያለችበትን የኒውዮርክ ስምምነት ኢትዮጵያም በ2020 ተቀብላለች። በእርግጥ ለጥቂት ሺህ ዶላር ንግድ ማንም ወደዚያ አይሄድም። ለዚያ ሽምግልና አለን። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ እነማን እንደሆኑ ከጠቡ በፊት በስም ይጻፉ፤ ከተጣሉ በኋላ ሁለቱም የሚቀበሉት ሽማግሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አገር ቤት «ለሻይ» እየተባለ ለባለሥልጣን ጉዳይ ማስፈጸሚያ የሚሰጠውን ገንዘብ የካናዳ ሕግም ይከለክለዋል። ትንንሹ ክፍያ ቀድሞ ይታለፍ ነበር፤ ከጥቅምት 31 ቀን 2017 ወዲህ ግን እሱም ወንጀል ነው። ለውጭ ባለሥልጣን ጉቦ መስጠት እስከ 14 ዓመት ያሳስራል። አጎት ቢከፍሉና እናንተ ብታውቁ ነገሩ እናንተንም ሊነካ ይችላል።

ኢኮኖሚው

በሐምሌ 2024 መጨረሻ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ዋጋውን ለገበያ ሲለቀው፣ ከ58 ብር በታች የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንድ ሰው ከዚያ በፊት 10 ሺህ ዶላር ልኮ፣ በ57 ብር ሒሳብ 570 ሺህ ብር ለሸሪኩ አበደረ እንበል። ውሉ በብር ከሆነና ሸሪኩ ዶላሩ 114 ብር ሲገባ በሐቅ 570 ሺህ ብሩን ቢመልስ፣ የአበዳሪው እጅ ላይ የሚገባው 5 ሺህ ዶላር ነው። ሸሪኩ አልሰረቀም፤ አበዳሪውም አልተሳሳተም። የምንዛሪው ለውጥ ጉዳት የማን እንደሚሆን ግን አልተነጋገሩም። በየትኛው ገንዘብ ይተመናል? ዋጋው ከዚህ በላይ ቢለወጥ እንደገና እንነጋገራለን ወይ? ሁለት መስመር ይበቃዋል።

ገንዘቡንም በባንክ ላኩ። በጥቁር ገበያ የተሻለ ምንዛሪ ማግኘት ያጓጓል፤ ነገር ግን እንዲያ የገባ ካፒታል ነገ በሕጋዊ መንገድ ላውጣው ብትሉ ማስረጃ የለውም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

እኛ መሐንዲሶች ድልድይ ስንሠራ የምናሰላው ለደረቁ ወንዝ ሳይሆን ለጎርፉ ቀን ነው። ውልም እንዲሁ ነው። ለጀማሪ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ እነዚህ ግን አይቅሩ፦

1. ማን ምን ያዋጣል፣ ማን ምን ይሠራል?
2. ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ።
3. ዕቃው ቢዘገይ ወይም ቢበላሽ ኪሳራው የማን ነው?
4. ሒሳቡ በየትኛው ገንዘብ ነው? ምንዛሪው ቢለወጥስ?
5. አንዱ ቢሞት ወይም መውጣት ቢፈልግ ምን ይሆናል?
6. ብንጣላ ማን ይዳኘናል?

ገንዘቡ ከፍ ሲል ደግሞ እዚህም አገር ቤትም የሕግ ባለሙያ አማክሩ። ካናዳ ውስጥ ምግብ አስመጥቶ ለመሸጥ በአብዛኛው የምግብ ቁጥጥር ኤጀንሲው ፈቃድ እንደሚያስፈልግም አትርሱ።

ወጣቱ እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች ጽፎ ለአጎቱ ላከ። እንደሚቀየሙት ፈርቶ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ አጎት ደውለው «ልጄ፣ እኔም እኮ ይህንኑ ልጠይቅህ ፈልጌ አፍሬ ነበር» አሉት።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ስለማይተማመኑ አይደለም። ዘመድን የምትወዱ ከሆነ ጻፉ።

ቸር ይግጠመን።